የነርቭ ብሎክ መድኃኒቶችና ተጨማሪዎቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ቀን ከታካሚና ከአስታማሚ፣ ሌሊት ደግሞ ከተረኛ ተማሪዎች የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ብሎክ ምንድን ነው? ሙሉ ሰመመን ነው እንዴ?

አይደለም። በሙሉ ሰመመን ራስዎን አያውቁም። በብሎክ የሚደነዝዘው ኦፕሬሽን የሚደረግለት አካል ብቻ ነው። መርፌው የሚወጋው የተጎዳው ቦታ ላይ ሳይሆን፣ የዚያን ቦታ ሕመም ይዞ ወደ አንጎል የሚወጣው ነርቭ ዙሪያ ነው። ለተሰበረ ክንድ ከአንገት ሥር ወይም ብብት ውስጥ፣ ለእግር ደግሞ ብሽሽት ላይ ወይም ከጉልበት ጀርባ ይወጋል። አልትራሳውንድ ካለ ነርቩንና የመርፌውን ጫፍ ስክሪን ላይ እያየን እንሠራለን።

ሰው ሁሉ የሚፈራው "ነቅቼ ሊቆርጡኝ ነው?" ብሎ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ባጃጅ ተገልብጦበት ክንዱ የተሰበረ አንድ ወጣት በዚሁ ሐሳብ እየተንቀጠቀጠ ነበር የገባው። አጥንቱ በብረት ሲታሰር ግን እሱ ስለ ጅማ አባ ጅፋር ጨዋታ ያወራን ነበር። ፊት ለፊት መጋረጃ ይደረጋል። ካስፈለገም ቀለል ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል።

የወገብ መርፌስ? ስኳር አለበት ሲባል ሰምቻለሁ።

የወገብ መርፌ፣ እኛ ስፓይናል የምንለው፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው። መድኃኒቱ የሚገባው ህብለ ሰረሰርን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ 2 ወይም 3 ሚሊ ብቻ ይበቃል። ስኳር አለበት የተባለውም እውነት ነው። "ከባዱ" የሚባለው ቡፒቫኬይን በአንድ ሚሊ 80 ሚሊግራም ዴክስትሮዝ አለው። ስኳሩ መድኃኒቱን ከፈሳሹ ስለሚያከብደው ወደ ታች ይወርዳል። እኛም አልጋውን በማዘንበል ወዴት እንደሚሄድ እንመራዋለን። የስኳር ሕመምተኞች አይስጉ፦ በ3 ሚሊ ውስጥ ያለው ስኳር ሩብ ግራም እንኳ አይሞላም።

መድኃኒቱ ነርቩን ምን ያደርገዋል?

ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም በጥቃቅን በሮች ወደ ውስጡ ሲገባ ነው። ማደንዘዣው የነርቩን ግድግዳ ያልፍና በሩን ከውስጥ በኩል ይዘጋዋል። በሩ ከተዘጋ ሕመሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ደም መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየወሰደው ሲሄድ በሩ ይከፈታል፣ ስሜቱም ይመለሳል።

ሁሉም ስሜት በአንድ ጊዜ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ቅዝቃዜና ሕመም ይቀድማሉ፤ መነካት ይዘገያል። ለዚህ ነው በአልኮል የረጠበ ጥጥ መጀመሪያ ጤነኛው ክንድ ላይ፣ ቀጥሎ ብሎክ የተሠራለት ክንድ ላይ የምናስነካው። አንዲት እናት "ልጄ፣ ይሄኛው በረዶ ነው፤ ያኛው ጥጥ ብቻ ነው" አሉኝ። እኔ የምፈልገው መልስ ይኸው ነው። ስለዚህ ኦፕሬሽኑ ላይ መነካት ወይም መጎተት ቢሰማዎት አይደንግጡ። ሕመም ከተሰማዎት ግን ዝም አይበሉ፣ ወዲያው ይናገሩ።

ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን በምን ይለያያሉ?

ሊዶኬይን ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ ይለቃል። ብሎክ ላይ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይይዝና ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ቡፒቫኬይን ለመያዝ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ከያዘ ግን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሁለቱም የስዊድን ላቦራቶሪ ልጆች ናቸው። ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943፣ ቡፒቫኬይን በ1957 ነው የተሠሩት። ከነሱ በፊት መንገዱን የከፈተው ኮኬይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኮለር የተባለ የቪየና ሐኪም ዓይን ለማደንዘዝ ተጠቀመበት።

እኔ የምመርጠው "ከኦፕሬሽኑ በኋላ ምን ያህል ያማል?" ብዬ ነው። የወለቀ ጣት ለመመለስ ሊዶኬይን ይበቃል። አጥንት በብረት ለማሰር ግን ቡፒቫኬይን ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳልፋል። ጉዳቱ ልብ ላይ ነው። በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ከሊዶኬይን ይልቅ ልብን አጥብቆ ይይዛል። ሮፒቫኬይን የሚባለው ሌላው ማደንዘዣ በቆይታ ወደ ቡፒቫኬይን ይጠጋል፣ ልብ ላይ ግን ቀለል ይላል።

ቡና ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ጫትም ትናንት ማታ ቅሜያለሁ። ልናገር?

ይናገሩ፣ እባክዎ። ማንም አይቆጣዎትም። ብሎኩ ባይዝ ወደ ሙሉ ሰመመን ልንሄድ ስለምንችል፣ ለብሎክም ቢሆን ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ወተት የሌለው ጥቁር ቡና እንደ ውኃ ይቆጠራል፤ ከኦፕሬሽኑ በፊት 2 ሰዓት ካለፈው ችግር የለውም። ከወተት ጋር ከሆነ 6 ሰዓት ይጠበቃል። ቡና ቀላ ከበሉ ግን ቅቤ ስላለበት እንደ ምግብ ነው የምናየው። የቡና ቁርሱም፣ ቆሎም ቢሆን ዳቦ፣ ምግብ ነው። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው "ምንም አልቀመስኩም፣ ቡና ብቻ ነው" ይላል። ስለዚህ ከምን ጋር እንደጠጡት እጠይቃለሁ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እኛ ደግሞ ብሎኩ ላይ የደም ሥር የሚያጠብና ልብን የሚያስመታ አድሬናሊን ልንጨምር እንችላለን። ሁለቱ ሲደራረቡ ልብ ላይ ጫና ይፈጥራሉ። ካወቅን አድሬናሊኑን እንተወዋለን ወይም ኦፕሬሽኑን ትንሽ እናዘገየዋለን።

ጥርሴን ሲነቅሉኝ ልቤ ክፉኛ መታ። የማደንዘዣ አለርጂ አለብኝ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የጥርስ ማደንዘዣ በአብዛኛው አድሬናሊን የተቀላቀለበት ነው። ትንሽ ወደ ደም ሲገባ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይተዋል። የእውነት አለርጂ ሰውነትን ያሳብጣል፣ ሽፍታ ያወጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። በሊዶኬይንና በቡፒቫኬይን ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው። ካርድዎ ላይ "አለርጂ" ተብሎ ከተጻፈ ግን እንዲሁ አይለፉት። የሆነውን በዝርዝር ይንገሩን፤ ልክ ካልሆነ ማስተካከል አለብን።

ለምንድን ነው አንዳንዴ የማይይዘው?

አንደኛው ምክንያት ትዕግሥት ማጣት ነው። ቡፒቫኬይን በ10 ደቂቃ አይፈረድበትም። ሁለተኛው መድኃኒቱ ከነርቩ ራቅ ብሎ መቅረቱ ነው። ሦስተኛው ቁስሉ ራሱ ነው። መግል የያዘ ቦታ አሲድ ይበዛዋል። በአሲድ ውስጥ አብዛኛው መድኃኒት የነርቩን ግድግዳ ማለፍ ወደማይችል መልክ ይቀየራል። እብጠቱ ላይ ደጋግሞ መውጋት የማያዋጣው ለዚህ ነው። ከላይ፣ ጤነኛ ሥጋ ባለበት፣ ነርቩ ላይ መውጋት ይሻላል።

አሲድ የሚቀንሰውን ሶዲየም ባይካርቦኔት መጨመር መድኃኒቱን ያፈጥነዋል የሚባለውም ከዚሁ የመነጨ ነው። ለሊዶኬይን በ10 ሚሊ ላይ 1 ሚሊ የ8.4% ባይካርቦኔት ይጨመራል። ቡፒቫኬይን ላይ ያንኑ ያህል ካደረጋችሁ ግን ስሪንጁ ውስጥ ይረጋል፣ ነጭ ይሆናል። የደፈረሰ ነገር አይወጋም።

ተጨማሪ የሚባለው ምንድን ነው? ለምን ይጨመራል?

ከማደንዘዣው ጋር በትንሽ መጠን የሚቀላቀል ሌላ መድኃኒት ነው። ብሎኩን ለማስረዘም፣ ቶሎ እንዲይዝ ለማድረግ ወይም ለጥንቃቄ ምልክትነት ይጨመራል። ተማሪዎቼ ስለ ተጨማሪ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምመልሰው አንድ ነገር ነው። ስሪንጅ ውስጥ መጨመር ሰከንድ አይፈጅም፤ ነርቭ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ግን መልሶ መምጠጥ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠብታ "ለዚህ ሰው፣ ለዚህ ሌሊት ምን ይጠቅማል?" ለሚለው መልስ ሊኖረው ይገባል።

አብዛኞቹ ተጨማሪዎች ለሌላ ሥራ የተፈቀዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ነርቭ ዙሪያ የሚሰጡት በልምድና በጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው። ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ዓይነት መምረጥም ግዴታ ነው።

አድሬናሊን ምን ይሠራል? በስንት ይቀላቀላል?

የደም ሥሮችን ያጠባል። ደም ማደንዘዣውን ቶሎ ጠርጎ እንዳይወስደው ይከለክላል። ሊዶኬይን ላይ ጥቅሙ በግልጽ ይታያል፤ ቡፒቫኬይን ላይ ያንሳል። ሁለተኛው ሥራው እኔ የበለጠ የምወደው ነው፤ ይመሰክራል። 3 ሚሊ ውስጥ ያለው 15 ማይክሮግራም በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ፣ የልብ ምቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከፍ ሲል ሞኒተሩ ላይ ይታያል። ያኔ እጅ ይቆማል።

የተለመደው ልክ 1 ለ200,000 ነው፤ በአንድ ሚሊ 5 ማይክሮግራም ማለት ነው። የእኛ አምፑል 1 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ነው። በቀጥታ 0.1 ሚሊ ልቀዳ ማለት ለስህተት ይዳርጋል። አምፑሉን በኖርማል ሳላይን 10 ሚሊ አድርሱት። ከዚያ 1 ሚሊ ቅዱና 19 ሚሊ ማደንዘዣ ላይ ጨምሩ። 20 ሚሊ፣ 100 ማይክሮግራም፣ ልክ 5 በሚሊ። ስሪንጁ ላይ ጻፉበት። የደም ዝውውሩ የደከመ ጣት ላይ፣ ልቡ የታመመ ሰው ላይ ደግሞ አለመጨመር ይሻላል።

ዴክሳሜታዞን በእርግጥ ያስረዝማል? ነርቭ ላይ ወይስ በደም ሥር?

ያስረዝማል። ዴክሳሜታዞን የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ካሉን ተጨማሪዎች ውስጥ ማስረጃው ጠንካራ የሆነው እሱ ነው፤ በየፋርማሲውም ይገኛል። 4 ሚሊግራም ከቡፒቫኬይን ጋር ሲሰጥ ብሎኩን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ያስረዝመዋል። ከሰዓት በኋላ ክንዱ ለታሰረለት ሰው ይህ ማለት ሌሊቱን ተኝቶ ማደር ማለት ነው። ከሊሙ ወይም ከጌራ ለመጣ፣ ሌሊት ማስታገሻ ፍለጋ የሚሮጥለት ሰው ለሌለው ታካሚ ትልቅ ነገር ነው።

ነርቭ ላይ ሲሰጥ በደም ሥር ከሚሰጠው በጥቂት ሰዓት ይበልጣል። እኔ ብዙ ጊዜ በደም ሥር እሰጠዋለሁ። ጥቂት ሰዓት ባጣም ነርቩን ከማያውቀው ነገር እጠብቀዋለሁ፤ ማቅለሽለሽንም ይከላከልልኛል። ነቅቶ ላለ ሰው ግን ቀስ ብላችሁ ስጡ። ቶሎ ከተገፋ ብልት አካባቢ ክፉኛ ይበላል፣ ያቃጥላል። ታካሚው አፍሮ ላይናገር ይችላል፤ ፊቱ ላይ ግን ታዩታላችሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዴክሳሜታዞን ከሮፒቫኬይን ጋር አንድ ስሪንጅ ውስጥ ሲገባ ክሪስታል ይሠራል፤ አትቀላቅሉ። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ደግሞ የደም ስኳርን ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ማታና ጠዋት ይለካ።

ክሎኒዲንና ዴክስሜዴቶሚዲንስ?

ሁለቱም ያስረዝማሉ። ክሎኒዲን 2 ሰዓት ገደማ ይጨምራል፤ ዴክስሜዴቶሚዲን ከዚያ ይበልጣል። ግን ሁለቱም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይቀንሳሉ፣ እንቅልፍም ያመጣሉ። ከኦፕሬሽን በኋላ ታካሚውን የሚከታተል ነርስና ሞኒተር ከሌለ አልጨምርም። የረዘመ ብሎክ ክትትል ከሌለው ሌሊት ጋር አይሄድም።

ኬታሚን፣ ማግኒዚየም፣ ትራማዶል፣ ፈንታኒል እጄ ላይ አለ። ብጨምረውስ?

ኬታሚንና ሚዳዞላም ነርቭ ላይ አይደረጉም። ነርቭን ሊጎዱ ይችላሉ የሚለው ስጋት ከሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። ማግኒዚየም ጥቂት ያስረዝማል፤ እኔን አላሳመነኝም። ትራማዶል አንዱ ጥናት ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ አይሠራም። ፈንታኒል ስፓይናል ላይ ጥሩ ነው፣ ምንም እንኳ ቢያሳክክ፤ ክንድ ነርቭ ላይ ግን ትርፍ የለውም። እጅ ላይ መኖሩ ለመጨመር ምክንያት አይሆንም።

ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይንን ብቀላቅል ቶሎ ይዞ ረጅም አይቆይም?

ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ውጤቱ ግን እንደዚያ አይደለም። 2% ሊዶኬይንና 0.5% ቡፒቫኬይን እኩል ሲቀላቀሉ፣ የመጀመሪያው 1%፣ ሁለተኛው 0.25% ይሆናል። ሁለቱም ቀጥነዋል። ብሎኩ ትንሽ ሊፈጥን ይችላል፣ ግን ከቡፒቫኬይን ብቻው ቀድሞ ይለቃል። ጉዳታቸው ደግሞ ይደመራል። የአንዱን ጣሪያ፣ ማለትም ከፍተኛ መጠን፣ ግማሽ ከተጠቀማችሁ፣ ከሌላው የቀራችሁ ግማሹ ብቻ ነው። እኔ 15 ደቂቃ ቀድሜ ብሎኩን መሥራት እመርጣለሁ።

ከፍተኛው መጠን ስንት ነው? በሚሊ ንገረን።

በሚሊ አልናገርም፤ በሚሊግራም ነው የሚታሰበው። የታካሚውን ኪሎ ይዛችሁ ጀምሩ። ሊዶኬይን ብቻውን በኪሎ 4.5 ሚሊግራም፣ ከአድሬናሊን ጋር 7 ሚሊግራም ነው። ቡፒቫኬይን በኪሎ 2 ሚሊግራም ብላችሁ ያዙ። ፐርሰንቱን በ10 ስታበዙት በአንድ ሚሊ ያለውን ሚሊግራም ይሰጣችኋል። 2% ማለት 20፣ 0.5% ማለት 5 ነው።

50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢመጣ፣ ቡፒቫኬይን 100 ሚሊግራም ነው፤ 0.5% ከሆነ 20 ሚሊ፣ 0.25% ከሆነ 40 ሚሊ። ሊዶኬይን ብቻውን 225 ሚሊግራም ነው፤ 2% ከሆነ 11 ሚሊ ገደማ ብቻ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ያ አንድ 20 ሚሊ ስሪንጅ ሙሉ አልፎት ሄዷል። ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡርና ጉበቱ ለታመመ ሰው ከዚህም ዝቅ በሉ።

ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ የሚወጋውም ይቆጠራል። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ይህን ሳልጠይቅ ቀርቼ ነበር። እኔ ብሎኩን ሠርቻለሁ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሊዶኬይን ተጨምሯል። ንብ አናቢ የነበሩ አባት ድንገት ቀና ብለው "ልጄ፣ ጆሮዬ ውስጥ ቀፎ ተከፈተ" አሉኝ። እጄ በረደ። ኦክሲጅን አድርጌላቸው፣ ሌላ መርፌ አስቁሜ፣ አጠገባቸው ቆየሁ። በጥቂት ደቂቃ ተዋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኦፕሬሽን ሳይጀመር "ስንት ሚሊግራም ተሰጥቷል" የሚለውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

መመረዝ ቢመጣ ምን ይደረጋል? ፕሮፖፎል የሚባለው የሰመመን መድኃኒትም ነጭ ነው፣ ለመመረዝ የሚሰጠውን የስብ ፈሳሽ አይተካም?

የጆሮ ጩኸት፣ የከንፈር መደንዘዝ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ድንገተኛ መቅበጥበጥ፤ ከዚያ ማንዘፍዘፍ፣ ከዚያም የልብ ምት መዛባት ይከተላል። ቡፒቫኬይን ላይ አንዳንዴ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ልብ ይቀድማል። መርፌውን አቁሙ፣ እርዳታ ጥሩ፣ አየር መንገዱን ያዙና ኦክሲጅን ስጡ። የሚንዘፈዘፈውን በዳያዜፓም ወይም በሚዳዞላም አስቁሙ። ልብ ከቆመ ደረቱን መጫን ጀምሩ፤ አድሬናሊን ካስፈለገ በኪሎ ከ1 ማይክሮግራም ያልበለጠ ይሁን።

መፍትሔው 20% የስብ ፈሳሽ ነው፤ ኢንትራሊፒድ በሚለው ስም ይታወቃል። በኪሎ 1.5 ሚሊ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፣ ቀጥሎ በደቂቃ በኪሎ 0.25 ሚሊ። ለ50 ኪሎ ሰው መጀመሪያ 75 ሚሊ፣ ከዚያ በደቂቃ 12.5 ሚሊ ማለት ነው፤ ጣሪያው በኪሎ 12 ሚሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አይጦች ላይ ታየ፤ በ2006 ልቡ የቆመ ሰው በእሱ መትረፉ ታትሞ ወጣ። ፕሮፖፎል አይተካውም። ስቡ 10% ብቻ ነው። በቂ ስብ ለመስጠት የሚያስፈልገው ፕሮፖፎል ራሱ የደከመውን ልብ ይገድለዋል። ስቡ መድኃኒት ቤት ተቆልፎበት ሳይሆን ብሎክ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለበት። ብሎክ ከመጀመሬ በፊት በዓይኔ አየዋለሁ።

ሊዶኬይን አልቋል። ቢየር ብሎክ በቡፒቫኬይን ልሥራ?

በፍጹም። ቢየር ብሎክ መድኃኒቱን ደም ሥር ውስጥ አስገብቶ በቱርኒኬት፣ ደም በሚያግድ ማሰሪያ፣ ማገድ ነው። ቱርኒኬቱ ቢያፈስ ቡፒቫኬይኑ በቀጥታ ወደ ልብ ይሄዳል። ሌላ ብሎክ ሥሩ ወይም ሊዶኬይን እስኪመጣ ጠብቁ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ሕመሙ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ለምን?

ብሎኩ ሲለቅ ታግዶ የቆየው ሕመም በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ላይ። ስለዚህ የታዘዘልዎትን ኪኒን ሕመሙ ሳይመጣ፣ ጣትዎ መውረር ሲጀምር ይዋጡ። እስኪለቅ ድረስ ክንድዎ አንገትዎ ላይ ታስሮ ይቆይ። የደነዘዘ እጅ ሙቀት አያውቅም። ጀበና አያንሱበት፣ ከሰል ምድጃ አጠገብም አይቀመጡ። እንግዳ መጥቶ ቡና ካስፈለገ ሌላ ሰው ያፍላ።

24 ሰዓት አለፈ፣ እጄ ግን አልተመለሰም። ነርቤ ተጎድቶ ይሆን?

ተጨማሪ መድኃኒት ከተሰጠዎት ከ24 ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ቀስ በቀስ እየለቀቀ ከሆነ ይጠብቁ። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የነርቭ ጉዳት ከ10,000 ሰው ላይ ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ነው የሚታየው፤ ጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ቆይቶ የሚጠፋ መደንዘዝ ግን ከዚያ ይበዛል። ስኳር ነርቭዎን ቀድሞ ጎድቶት ከነበረ ስጋቱ ከፍ ይላል። ይህን ብሎኩ ሳይሠራ በፊት መነጋገር አለብን።

48 ሰዓት አልፎ ካልተሻለ፣ ወይም ለቆ የነበረው እንደገና ከደነዘዘ ይምጡ። ጄሶ ወይም ጠባብ ፋሻ ከታሰረብዎት ደግሞ አንድ ሰዓትም አይጠብቁ። ጣትዎ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሲዘረጉት ክፉኛ ካመመዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ይምጡ፤ የታሰረው ጄሶ ወይም ፋሻ ወዲያው መፈታት አለበት። "ማደንዘዣው ይሆናል" ብለው አይጠብቁ።